ጊትኢግኖር ላይ የጻፍነው ፓተርን አንዱን ፎልደር አልያዘም፣ ሌላውን ደግሞ ያለ አግባብ ዋጠ

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻና ደሴ ያለን ልጆች በጋራ የምንሠራው አንድ አነስተኛ ፕሮግራም አለ፤ ሥራው ሰኞ ሰኞ የሚቆመውን የባቲን ገበያ የግመል፣ የከብት፣ የፍየልና የበግ ዋጋ መዝግቦ አርቢውም ነጋዴውም በስልኩ እንዲያየው ማድረግ ነው። ዋጋውን የሚሰበስቡት ባቲ የሚውሉት ባልደረቦቻችን ፋይሎቻቸውን በአማርኛ ስለሚሰይሙ የፎልደሮቻችንም ስም አማርኛ ነው። «ጥሬ/ፎቶ» ውስጥ ከገበያው የተነሡ ፎቶዎች፣ «ዋጋ» ውስጥ የየሳምንቱ ሲኤስቪ ፋይሎች፣ «ድረገጽ» ውስጥ ደግሞ ኮዱና የድረ ገጹ አርማዎች ይቀመጣሉ። የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግበው ጊት የትኞቹን ፋይሎች እንዲተው በፓተርን (በስም ደንብ) የምንነግርበት የጊትኢግኖር ፋይላችን ይህን ይመስላል (እዚህ እንደሚነበበው በፊደላችን ጽፌዋለሁ እንጂ የቴክኒክ ስሞቹና ትእዛዞቹ ኮምፒውተር ላይ በላቲን ፊደል ናቸው)፦

ፎቶ/
ዋጋ/
!ዋጋ/ናሙና.ሲኤስቪ
ኖድ_ሞጁልስ/
.ኢኤንቪ  # የዳታቤዝ ይለፍ ቃል

የገጠመን ነገር እንዲህ ነው። «ፎቶ/» ብለን ጽፈን ሳለ፣ ከገበያ የመጡትን የቆዩ ፎቶዎች መጠናቸውን ስንቀንስ ሁሉም «ተለውጠዋል» ተብለው ጊት የተለወጠውን በሚዘረዝርበት በጊት ስታተስ ላይ ይወጣሉ። በአንጻሩ ባልደረባችን በ«ድረገጽ/ፎቶ» ውስጥ የጨመረቻቸው አዳዲስ አርማዎች ፑሽ ሲደረግ (ሥራው ወደ ሰርቨሩ ሲላክ) አብረው አይሄዱም፤ በእርሷ ኮምፒውተር ላይ ያለው ድረ ገጽ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ ላይ ያለው አርማ የለውም። ናሙና የሚለው ፋይልም በቃለ አጋኖ እንዲመለስ ብናዘው አልመለስ ብሏል። በዚህ ላይ የአማርኛ ፋይል ስሞች በስታተስ ላይ የሚወጡት በቁጥር ተለውጠው ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ ቢያስረዳን እናመሰግናለን፤ መፍትሔውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደዚያ እንደሚሆን መረዳት እንፈልጋለን።

ጦሳ (ደሴ)፦

እኅቴ ቦርከና፣ ጥያቄዎ በጥንቃቄ የተጻፈ በመሆኑ መልሱም ቀላል ይሆናል። የመጀመሪያውን ልያዝ።

ጊትኢግኖር የሚመለከተው ጊት ገና የማያውቃቸውን ፋይሎች ብቻ ነው። አንድ ፋይል አንድ ጊዜ ኮሚት ከተደረገ (በጊት ታሪክ ውስጥ ከገባ) በኋላ ጊት በኢንዴክሱ ውስጥ መዝግቦ ይከታተለዋል፤ ከዚያ ወዲያ በጊትኢግኖር ላይ ምንም ቢጻፍ ለዚያ ፋይል አይሠራበትም። የእናንተ የቆዩ ፎቶዎች ፓተርኑ ከመጻፉ በፊት ገብተዋል ማለት ነው። ከክትትል ለማውጣት «ጊት አርኤም -አር --ካሽድ ጥሬ/ፎቶ» ብላችሁ ኮሚት ማድረግ ይበቃል፤ «--ካሽድ» የሚለው ፋይሎቹን ከኢንዴክሱ ብቻ እንጂ ከዲስካችሁ እንዳያጠፋ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምለው አለ። ዲስክ ላይ የሚተርፉት ትእዛዙን በሰጠው ሰው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ባልደረቦቻችሁ ያን ኮሚት ፑል ሲያደርጉ (ወደ ራሳቸው ሲያወርዱ) ጊት እንደ ተሰረዘ ፋይል ቆጥሮ ፎቶዎቹን ከእነርሱ ፎልደር ያነሣቸዋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ለሁሉም ተናገሩ፣ ፎቶዎቹንም ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ከዚያ በኋላ ኮሚት አድርጉ።

ሁለተኛው የአርማዎቹ ጉዳይ ነው። ይህን ራሳችሁ ጊትን ጠይቁት፦

ጊት ቼክ-ኢግኖር -ቪ ድረገጽ/ፎቶ/አርማ.ፒኤንጂ

መልሱ የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር፣ የትኛው ፓተርን እንደያዘው ይነግራችኋል፦

.ጊትኢግኖር:1:ፎቶ/    ድረገጽ/ፎቶ/አርማ.ፒኤንጂ

አንደኛው መስመር ነው የዋጠው። መጨረሻው ላይ ካለው በስተቀር ስላሽ (/) የሌለበት ፓተርን በማንኛውም ጥልቀት ያለውን ስም ይይዛል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ስላሽ «ፎልደር ከሆነ ብቻ» ይላል እንጂ የት እንዳለ አይወስንም። «/ጥሬ/ፎቶ/» ብላችሁ ብትጽፉት ግን ከጊትኢግኖር ፋይሉ ቦታ ጀምሮ የሚቆጠር መንገድ ስለሚሆን የድረ ገጹን ፎልደር አይነካም።

ክትትል ውስጥ ላሉት ፋይሎች ቼክ-ኢግኖር ዝም ስለሚል ግራ አትጋቡ፤ ደንቡ እነርሱን ስለማይመለከት ነው። «--ኖ-ኢንዴክስ» የሚለውን ስትጨምሩበት ፓተርኑ ሊይዛቸው ይችል እንደነበር ይነግራችኋል።

አምስተኛው መስመራችሁ ደግሞ አሳስቦኛል። ጊትኢግኖር ውስጥ ማስታወሻ የሚጻፈው ሃሽ ምልክቱ (#) የመስመሩ የመጀመሪያ ፊደል ሲሆን ብቻ ነው። እናንተ እንደጻፋችሁት ከሆነ ጊት የሚፈልገው ስሙ ከነክፍተቱና ከነሃሹ እስከ «ይለፍ ቃል» ድረስ የሆነ ፋይል ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ስለሌለ ይለፍ ቃሉ ያለበት የኢኤንቪ ፋይላችሁ ፈጽሞ አልተከለለም። «ጊት ሎግ -- .ኢኤንቪ» ብላችሁ ኮሚት መደረግ አለመደረጉን ዛሬውኑ እዩ።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)፦

ልጄ ቦርከና፣ ወንድም ጦሳ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የቃለ አጋኖውን ነገር ላስረዳ፤ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስቸግራቸው ይህ ነው።

ጊት አንድ ፎልደር ሙሉ በሙሉ የተተወ መሆኑን ካየ ወደ ውስጥ አይገባም። ይህም የተደረገው ለፍጥነት ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር ለአንዲት ልዩ ደንብ ሲል ማሰስ አይፈልግም። «ዋጋ/» ስትሉት በሩ ላይ ቆሞ ይመለሳል፤ ውስጥ ያለውን ናሙና ስለማያየው «!ዋጋ/ናሙና.ሲኤስቪ» የሚለውን የሚያውልበት ነገር የለውም። መፍትሔው ፎልደሩን ሳይሆን በፎልደሩ ውስጥ ያለውን መተው ነው፦

/ዋጋ/*
!/ዋጋ/ናሙና.ሲኤስቪ

ነገ ናሙናውን ወደ «ዋጋ/ባቲ» ብታወርዱት ግን ይህ አይበቃም፤ በየደረጃው መክፈት ያስፈልጋል፦

/ዋጋ/*
!/ዋጋ/ባቲ/
/ዋጋ/ባቲ/*
!/ዋጋ/ባቲ/ናሙና.ሲኤስቪ

ቅደም ተከተሉንም ልብ በይ። በአንድ ፋይል ውስጥ ከሚገጥሙት ፓተርኖች የሚጸናው የመጨረሻው ነው፤ ስለዚህ ቃለ አጋኖ ያለው መስመር ሁልጊዜ ከሚያስተካክለው ደንብ በታች ይጻፋል። ማከማቻው (ጊት የሚከታተለው የፕሮጀክቱ ፎልደር) ውስጥ ብዙ ጊትኢግኖር ካለ ደግሞ ለፋይሉ የሚቀርበው ፎልደር ውስጥ ያለው ከላይኛው ይበልጣል።

«ጥሬ/ፎቶ/» የሚለው መሐሉ ላይ ስላሽ ስላለው፣ ፊቱ ላይ ስላሽ ባይጨመርም ቦታው የተወሰነ ነው። ቢሆንም እኔ ፊቱ ላይ ስላሹን መጻፍ እመርጣለሁ፤ ጊት ባያስፈልገውም ከዓመት በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ያስፈልገዋል።

ወረባቦ (ባቲ)፦

ከዋጋ ሰብሳቢዎቹ አንዱ ነኝ። እኔ የምሠራው በዊንዶውስ ነው፤ እኅት ቦርከና በላከችልን መመሪያ መሠረት በፓወርሼል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) አዲስ ጊትኢግኖር ፈጥሬ ሁለት መስመር ጻፍኩበት፣ በእኔ ዘንድ ግን አንዱም ፓተርን አይሠራም። ፋይሉን ስከፍተው ጽሑፉ በትክክል ይታያል። ቼክ-ኢግኖርም ምንም አይመልስም። ምን ይሆን?

ጦሳ (ደሴ)፦

አብሽር ወንድሜ፣ ይህ የፓተርን ችግር አይደለም። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የቆየው ፓወርሼል፣ ማለትም 5.1፣ በ«>» ምልክት ወደ ፋይል የጻፉትን ጽሑፍ የሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-16 ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት በሚለውጥ አጻጻፍ) ነው፤ ጊት ደግሞ ጊትኢግኖርን የሚያነበው በባይት ስለሆነ እንዲህ የተጻፈው ፓተርን ባይቱ ከፋይሎቹ ስም ባይት ጋር አይገጥምም። በኖትፓድ ከፍተው «ሴቭ አዝ» በሚለው ውስጥ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 አድርገው ያስቀምጡት። ሲያስቀምጡም የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ «.ቲኤክስቲ» እንዳልተጨመረበት ያረጋግጡ፤ ዊንዶውስ ይህን ቅጥያ ስለሚደብቅ ስሙ ትክክል መስሎ ይታያል።

ላስታ (ወልድያ)፦

እኔም ስለ ፊደላችን የምጠይቀው አለኝ። ቦርከና ያነሣችው የቁጥሩ ነገር በእኛም ዘንድ አለ፤ «መዝገብ» የሚል ፋይል በስታተስ ላይ «\341\210\230» ብሎ ጀምሮ ይቀጥላል። ሌላው ደግሞ «ሳምንት-?.ሲኤስቪ» የሚለው ፓተርን «ሳምንት-3»ን ሲይዝ «ሳምንት-፫»ን ለምን አይዝም?

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)፦

ሁለቱም ከአንድ ሥር የሚመጡ ናቸው። የእኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ጊት ከላቲን ውጭ ያለውን ስም ሲያሳይ እንዳሳሳች ምልክት እየቆጠረ ባይቱን በስምንትዮሽ ቁጥር ይጽፈዋል፤ ያ «\341\210\230» የሚለው «መ» ነው፤ ሦስት ባይት፣ ሦስት ቁጥር። ይህን ለማስቀረት፦

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኮትፓዝ ፎልስ

ከዚህ በኋላ ስሞቹ በአማርኛ ይወጣሉ። ስሙን በአማርኛ የሚሰይም ሁሉ ጊትን በጫነ ዕለት ይህን ቢያደርግ ከብዙ ድካም ይድናል።

የጥያቄ ምልክቱም እንዲሁ ነው። በጊት ፓተርን ውስጥ «?» የሚይዘው አንድ ባይት ነው እንጂ አንድ ፊደል አይደለም። የላቲኑ 3 አንድ ባይት ስለሆነ ይያዛል፤ «፫» ግን ሦስት ባይት ስለሆነ ያመልጣል። ሦስት የጥያቄ ምልክት ብትደረድር ይሠራል፣ ነገር ግን ለሚያነበው ሰው ግራ ያጋባልና ኮከቡን ተጠቀም። በማዕዘን ቅንፍ ፊደላትን መዘርዘርም በእኛ ፊደል አያዋጣም፤ ቅንፉም የሚያየው ባይት ነው።

በአማርኛ ስም ለሚሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት ጉዳይ ነው። «/ሪፖርት/ዓመታዊ-*» ብለህ የጻፍከው፣ ባልደረባህ «አመታዊ-2016» ብሎ ያስቀመጠውን አይዝም። ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለጊት ግን የማይገናኙ ባይቶች ናቸው። «ፀሐይ»ና «ጸሐይ»፣ «ሥራ»ና «ስራ» እንዲሁ። በላቲን የሚሠሩት ትልቅና ትንሽ ፊደል ያስቸግራቸዋል፤ እኛ ያ ባይኖርብንም ይህ አለብን። እኔ የምመክረው በስም ላይ ሳይሆን በፎልደር ላይ እንድትመሠረቱ ነው። የሚተወውን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉና ያን አንድ ፎልደር ብቻ በፓተርን ያዙት፤ በውስጡ ሰዎች እንደ ፈለጉ ይጻፉ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኢኤንቪ ፋይሉን በታሪኩ ውስጥ አግኝተነዋል፤ ከመጀመሪያዎቹ ኮሚቶች በአንዱ ገብቷል። አሁን መስመሩን አስተካክለን ፋይሉን በ«አርኤም --ካሽድ» አውጥተነዋል። ይህ ይበቃል ወይስ ሌላ የሚቀር አለ?

ጦሳ (ደሴ)፦

አይበቃም እኅቴ፤ ከሁሉ በፊት የዳታቤዙን ይለፍ ቃል ይቀይሩ። የወጣ ይለፍ ቃል እንደታወቀ ይቆጠራል። ጊት የቆየውን ኮሚት ሁሉ ስለሚጠብቅ፣ ማከማቻውን ክሎን ያደረገ (ቅጂውን ከነታሪኩ ያወረደ) ማንኛውም ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያነበው ይችላል። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ራሱን ማጽዳት ከፈለጉ «ጊት ፊልተር-ሪፖ» የሚባል መሣሪያ አለ፤ የኮሚቶቹን መለያ ሁሉ ስለሚለውጥ ግን ሁሉም ባልደረባ ያልተላከ ሥራውን አስቀድሞ ልኮ፣ ከጽዳቱ በኋላ ማከማቻውን እንደገና ክሎን ማድረግ ይኖርበታል። አንድ ሰው የድሮውን ቅጂ ይዞ ፑሽ ቢያደርግ የተጠረገው ሁሉ ይመለሳል።

ፎቶዎቹም ላይ ያው ነው። ከክትትል ቢወጡም በታሪኩ ውስጥ ስላሉ፣ ባቲ ላይ በስልክ ዳታ ክሎን የሚያደርግ ልጅ ሁሉንም ያወርዳል። ጽዳቱን ካደረጋችሁ አይቀር ፎቶዎቹንም አብራችሁ አውጡ። ለጊዜው ግን «ጊት ክሎን --ዴፕዝ 1» ብሎ የመጨረሻውን ብቻ ማውረድ ይቻላል።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር፤ ከፓተርኑ አጻጻፍ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። አንድን ፋይል በጊትኢግኖር ስንተው ለጊት የምንነግረው «አትከታተለው» ብቻ አይደለም፤ «ቢጠፋ እንደገና ይሠራል» እያልነው ነው። ጊትም እንደዚያው ያምናል። «ጊት ክሊን -ኤፍዲኤክስ» ብሎ ማከማቻውን የሚያጸዳ ሰው የተተዉትን ፋይሎች በሙሉ ያጠፋል፤ በትልቁ ኤክስ ከሆነ እነርሱን ብቻ መርጦ ያጠፋል። ሌላ ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ላይ በተመሳሳይ መንገድ የተቀመጠ ፋይል ካለ ደግሞ፣ ቼክአውት ስታደርጉ (ወደዚያ ስትሻገሩ) የተተወውን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊጽፍበት ይችላል። ኖድ_ሞጁልስ (የወረዱት ላይብረሪዎች) ቢጠፋ በትእዛዝ ይመለሳል። ያለፈው ሰኞ የግመል ገበያ ፎቶ ግን ከየት ይመለሳል? ያ ሰኞ አልፏል፣ ግመሉም ተሽጧል።

ስለዚህ የእኔ አቋም «/ጥሬ/ፎቶ/» የሚለው ፓተርን በትክክል ቢጻፍም ፎቶዎቹን እዚያ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም የሚል ነው። ከማከማቻው ውጭ የራሳቸው ፎልደር ይኑራቸው፣ በሌላ ዲስክም ቅጂ ይያዝላቸው፤ ፕሮግራሙ የፎልደሩን ቦታ ከኢኤንቪ ፋይሉ ያንብብ። ጊትኢግኖር ውስጥ መግባት ያለበት ማሽን የሚወልደው ነገር ነው፤ ቢውልድ፣ ሎግ፣ ካሽ፣ የወረደ ላይብረሪ። የኢኤንቪ ፋይሉ ብቻ ለየት ይላል፤ እርሱም በውስጡ ያለው በሌላ ቦታ ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባል።

ወረባቦ (ባቲ)፦

ኢንኮዲንጉን ስቀይረው ወዲያው ሠራልኝ፤ ሰላማችሁ ይብዛ። ወንድም ጦሳ ስለ ፎቶዎቹ ያሉትን አንብቤ እስካሁን ያሉትን ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ጀምሬያለሁ። ይህን ያህል ያነሣናቸው ፎቶዎች በአንድ ትእዛዝ ሊጠፉ እንደሚችሉ ማንም አልነገረንም ነበር።

ላስታ (ወልድያ)፦

እኔ ከጊትሃብ ላይ ለኖድና ለፓይተን የተዘጋጀውን የጊትኢግኖር ናሙና እንዳለ ገልብጬ ነው የምጠቀመው። ይህስ ይመከራል?

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)፦

ለማንበብ ጥሩ ነው፤ እንዳለ ለመለጠፍ ግን አልመክርም። በዚያ ናሙና ውስጥ ሎግ፣ ካሽ፣ የዲባግ ፋይል፣ የማትጠቀምባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ተደርድረዋል። ስላሽ የሌለው «ሊብ» ወይም «ቢውልድ» የሚል መስመር ቢኖርበት፣ ነገ በዚያ ስም የፈጠርከው የራስህ የኮድ ፎልደር ድምፅ ሳያሰማ ይቀራል፤ የቦርከና አርማዎች የደረሰባቸው ይኸው ነው። አንድ መስመር ስትጨምር ለምን እንደጨመርከው መናገር መቻል አለብህ፤ ካልቻልክ አታስገባው።

የአንተ ኤዲተር የሚፈጥራቸውን ፋይሎች ደግሞ በጋራው ጊትኢግኖር ላይ አትጻፍ። ቤትህ ባለው «.ኮንፊግ/ጊት/ኢግኖር» ፋይል ላይ ብትጽፋቸው በማከማቻዎችህ ሁሉ ላይ ይሠራሉ፤ ለአንድ ማከማቻ ብቻ ከሆነ «.ጊት/ኢንፎ/ኤክስክሉድ» አለ፣ እርሱም ከአንተ ጋር ይቀራል እንጂ ፑሽ አይደረግም። የጋራው ፋይል የፕሮጀክቱ ይሁን።

ደግሞ የ«ፓኬጅ-ሎክ» ፋይሉን አትተው። ማሽን የሚጽፈው ስለሆነ ብዙዎች ይተዉታል፤ ነገር ግን የትኛው ላይብረሪ በየትኛው እትም እንደሚወርድ የሚወስነው እርሱ ነው። እርሱ ከሌለ ደሴ ላይ የሚሠራው ኮምቦልቻ ላይ ላይሠራ ይችላል።

ጦሳ (ደሴ)፦

በፓኬጅ-ሎኩ ከጋሼ ሐይቅ_ዳር ጋር እስማማለሁ። በአንድ ነገር ግን በትንሹ እለያለሁ፤ ሁሉም የሚጠቀምበት ስርዓተ ክወና የሚፈጥረው ፋይል ከሆነ በጋራው ላይ አንድ መስመር ቢጻፍለት ጉዳት የለውም። አዲስ የሚመጣ ልጅ የራሱን ኢግኖር ፋይል እስኪያዘጋጅ ድረስ ቆሻሻው ማከማቻው ውስጥ ይገባል።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)፦

እሺ፣ እርሱን እቀበላለሁ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ይለፍ ቃሉ ተቀይሯል፣ ፎቶዎቹም ከማከማቻው ወጥተዋል። የደረስንበት ጊትኢግኖር ይህ ነው፦

# ሳምንታዊ ዋጋ ከሰርቨሩ የሚወርድ፤ ናሙናው ለፍተሻ ብቻ
/ዋጋ/*
!/ዋጋ/ናሙና.ሲኤስቪ
# በኤንፒኤም የሚመለስ
/ድረገጽ/ኖድ_ሞጁልስ/
# ይለፍ ቃል
.ኢኤንቪ

ከፑሽ በፊት «ጊት ስታተስ --ኢግኖርድ» ብለን የተተወውን በሙሉ አየን፤ አርማዎቹ ከዝርዝሩ ወጥተዋል፣ ናሙናውም ተመልሷል። «ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ -ሲ -አይ --ኤክስክሉድ-ስታንዳርድ» የሚለው ደግሞ ፓተርኑ እየያዛቸው አሁንም በክትትል ውስጥ ያሉትን ስለሚያሳይ፣ የቀሩ ሁለት የቆዩ የዋጋ ፋይሎችን አገኘልን። ኢኤንቪው ፊቱ ላይ ስላሽ የሌለው አውቀን ነው፤ በየትኛውም ፎልደር ቢፈጠር እንዲተው እንፈልጋለን።

የቀረን አንድ ነገር ነው። ፕሮግራሙ የፍተሻ ውጤቱን «ውጤት» በሚባል ፎልደር ውስጥ ይጽፋል፤ ያንን «/ውጤት/» ብለን ብንተወው፣ አዲስ ክሎን ያደረገ ሰው ፎልደሩ ስለማይኖረው ፕሮግራሙ ይቆምበታል።

ላስታ (ወልድያ)፦

ጊት ባዶ ፎልደር አይመዘግብም፤ የሚመዘግበው ፋይል ብቻ ነው። ብዙ ሰው በውስጡ «.ጊትኪፕ» የሚል ባዶ ፋይል ያስቀምጣል፤ ስሙ ልማድ ነው እንጂ ጊት የተለየ ትርጉም አይሰጠውም። እንዲያ ከሆነ ፓተርኑ እንደ ዋጋው ፎልደር «/ውጤት/*» እና «!/ውጤት/.ጊትኪፕ» ሆኖ ይጻፋል። እኛ ግን ፕሮግራሙ ሲነሣ ፎልደሩ ከሌለ ራሱ እንዲፈጥረው አድርገናል፤ በፓይተን «ኦኤስ.ሜክዲርስ» ላይ «ኤግዚስት_ኦኬ» ትሩ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ «/ውጤት/» ብቻውን ይበቃል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ሁለተኛውን መርጠናል፤ ፕሮግራሙ ፎልደሩን ራሱ ይፈጥራል። ወረባቦ ከባቲ አዲስ ክሎን አድርጎ ፈትሾታል፣ ያለ ችግር ተነሥቷል።